ከመፈተግ በፊት ማንበብ፦ ስለ ሮም የነሐስ ሳንቲሞች የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የጥንቱ የሮም ነገሥታት ያስመቷቸውን የነሐስና የመዳብ ሳንቲሞች የሚመለከቱ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ያልተጸዱ ጥቃቅን የሮም ሳንቲሞችን በጅምላ ገዝቼ አንዱን በውኃ ዘፍዝፌ ባለሰልሰው፣ በአንድ ወገን በራሱ ላይ ጥብጣብ ያሰረ ሰው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከነፈረሱ የወደቀን ጠላት በጦር የሚወጋ ወታደር ታየኝ። ከጽሑፉ «ፌል ቴምፕ» የሚለው ብቻ ይነበባል። የማን ነው? ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ከሆነስ ምን ያህል ያወጣል?

መልስ፦ በገለጹት መሠረት በእጅዎ ያለው በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እጅግ በብዛት ከተመቱት ሳንቲሞች አንዱ ነው። ሙሉ ጽሑፉ «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» ሲሆን የደጉ ዘመን መመለስን የሚያበስር መፈክር ነው። መመታት የጀመረው በ348 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ሮማውያን ከተማቸው ከተቆረቆረች 1,100 ዓመት እንደሞላት ይቆጥሩ ነበር። ሥልጣኑም በሁለቱ ወንድማማቾች፣ በዳግማዊ ቆንስጣንጥዮስና በቆንስጣንስ እጅ ነበር። የሚያስገርመው ደጉ ዘመን ተመለሰ እያለ የሚያውጀው ሳንቲም ራሱ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ መሄዱ ነው፤ መጀመሪያ 5 ግራም አካባቢ ይመዝን የነበረው ከዐሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 2 ግራም ገደማ ወርዷል። ስለዚህ በትንሽ ሚዛን ቢመዝኑት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ የተመታ መሆኑን ይጠቁምዎታል።

የማን እንደሆነ ለመለየት በዘውዱ በኩል ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ከ«ኮንስታን» ቀጥሎ «ቲዩስ» የሚል ካለ የቆንስጣንጥዮስ ነው፤ በ«ስ» ብቻ የሚያበቃ ከሆነ በ350 የተገደለው የወንድሙ የቆንስጣንስ ነው። በራሱ ላይ ጥብጣብ ማሰሩም ቀላል ምልክት አይደለም፤ በዚያ ዘመን የበታች ገዥዎቹ ጋሉስና ዩልያኖስ ቄሣር በነበሩበት ጊዜ የሚሣሉት ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ነበርና። ቀጥሎ በጎፈሩ በኩል ከወታደሩ እግር በታች ባለው መስመር ሥር ጥቃቅን ፊደላት ይፈልጉ። እነዚህ የመምቻ ቤቱን ከተማ የሚያመለክቱ ምልክቶች ናቸው፤ «ኤ ኤል ኢ» ከሆነ እስክንድርያ፣ «ኤ ኤን» ከሆነ አንጾኪያ፣ «ሲ ኦ ኤን ኤስ» ከሆነ ቁስጥንጥንያ፣ «ኤስ አይ ኤስ» ከሆነ ዛሬ ክሮኤሽያ ውስጥ የምትገኘው ሲስኪያ ናት። ከከተማው ምልክት ጋር የተጣበቀች አንዲት ተጨማሪ ፊደል ካለች ሳንቲሙ የተመታበትን የሥራ ክፍል የምታሳይ ናት። እነዚህን ሁሉ ከለዩ በኋላ የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር ለሕዝብ በነፃ በከፈተው፣ ኦክሬ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ሳንቲምዎን ፈልገው ማግኘት ይችላሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በመካከለኛ ሁኔታ ላይ ያለ እንዲህ ዓይነት ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዶላር ባለው ውስጥ ይሸጣል። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ እነዚህ ሳንቲሞች የሠራዊቱን ደመወዝና የገበያውን ዕለታዊ ወጪ ለመሸፈን በሚሊዮኖች የተመቱ፣ ባለቤቶቻቸውም በየማሰሮው ቀብረዋቸው ሳይመለሱ የቀሩ ናቸው። ለእኛ አንባቢያን ግን ከዋጋው በላይ የሚስብ ነገር አለ። ይኸው ቆንስጣንጥዮስ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳዛና ደብዳቤ ጽፎ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤው ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላኖረው እስከ ዛሬ ተጠብቆልናል። እርስዎ የያዙት ሳንቲም ያ ደብዳቤ በተጻፈባቸው ዓመታት በገበያ ሲዘዋወር የነበረ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ባለፈው ዓመት የገዛሁት የሐድርያኖስ ሳንቲም ጥቁር አረንጓዴ፣ ለስላሳና የሚያምር ነበር። ሰሞኑን ግን ከአንገቱ ሥር እንደ ዱቄት የሚበተን ፈካ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣበት። እናቴ የመዳብ ትሪዋን በሎሚና በጨው ፈትጋ ታበራው ነበር፤ እኔስ እንዲያ ባደርገው ይጎዳዋል?

መልስ፦ እጅግ ይጎዳዋል፤ እባክዎ ሎሚውንም ጨውንም ያርቁት። ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በየወሩ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ሳንቲማቸውን በእንዲህ ያለ ፍተጋ ያበላሹ ሰዎች ጥቂት አይደሉምና።

በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት መሬት ውስጥ የቆየ ነሐስ በላዩ ላይ ፓቲና የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ይህ ሽፋን ከመዳብ፣ ከኦክስጅንና ከካርቦን ውሕዶች የተሠራ ሆኖ እንደ አፈሩ ዓይነት ቀይ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙን ከተጨማሪ ጉዳት የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ፊደላቱና የንጉሡ ፀጉር ዘለላዎችም አብዛኛውን ጊዜ የቀሩት በብረቱ ላይ ሳይሆን በዚሁ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሽፋኑ ሲገፈፍ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ሎሚ ሽፋኑን ያሟሟዋል። ጨው ደግሞ ክሎራይድ ነው፤ በሳንቲምዎ ላይ የወጣውን በሽታ የሚያመጣውም ይኸው ክሎራይድ ነው።

የነሐስ በሽታ የሚባለው ሁኔታ እንዲህ ይፈጠራል። ከአፈሩ የገባ ክሎራይድ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ከፓቲናው ሥር፣ ከብረቱ አጠገብ ተደብቆ ይቀመጣል። አየሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምንም አያደርግም። እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ግን ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት እየተለወጠ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ጤነኛውን መዳብ ይበላል፤ የተበላው መዳብ እንደገና ክሎራይድ ይሆናል፤ ዑደቱም ካልተቋረጠ ሳንቲሙን ቦርቡሮ እስከ መጨረሱ ይቀጥላል። የለንደን እርጥበት ለዚህ የተመቸ ነው።

በመጀመሪያ በሽታ መሆኑን ያረጋግጡ። ነጠብጣቡን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ሲነኩት እንደ ዱቄት ከተነሣና ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ በሽታው ነው፤ ጠንክሮ አልነሣም ካለ ግን ማላካይት የሚባለው ጤነኛ አረንጓዴ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል አይንኩት። በሽታ ከሆነ ሳንቲሙን ከሌሎቹ ይለዩ፤ በማጉያ መነጽር እያዩ ዱቄቱን በእንጨት ጫፍ ብቻ ያንሡ፤ ከዚያም በተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ክሎራይዱ እንዲወጣ ያድርጉ። የቧንቧ ውኃ ራሱ ክሎሪን ስላለበት ለዚህ አይሆንም። ሥር የሰደደ ከሆነ ሶዲየም ሴስኪካርቦኔት የሚባል ኬሚካል (የገበታ ጨው አይደለም) በሟሟበት ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዘፋል፤ ይህ ሕክምና ግን የፓቲናውን ቀለም በጥቂቱ ሊለውጠው እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ቤንዞትራያዞል የተባለው ኬሚካል በጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ለጤና ጎጂ ስለሆነ በቤት ውስጥ ባይሞክሩት እመርጣለሁ። በመጨረሻም ሳንቲሙ ፍጹም መድረቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ማከማቻው ነው። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች በሆነ ሣጥን ውስጥ፣ እርጥበት መጣጩን ሲሊካ ጄል ጨምረው ያስቀምጡት። ፒ ቪ ሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ጊዜውን ጠብቆ አረንጓዴ ሙጫ የመሰለ ነገር ስለሚያመነጭ አይጠቀሙበት፤ ማይላር ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ ወይም አሲድ የሌለበት የወረቀት ፖስታ ይሻላል። የባሉጥ እንጨት መሳቢያም ውብ ቢሆንም አሲዳማ ትነት ስላለው ለነሐስ አይስማማም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ መሰብሰብ ልጀምር ነው። ትልልቆቹ ሳንቲሞች ለምን አንዳንዶቹ ቢጫ ሌሎቹ ቀይ ይሆናሉ? በአብዛኞቹ ጀርባ ላይ የሚታዩት «ኤስ ሲ» የሚሉ ሁለት ትልልቅ ፊደላትስ ምንድን ናቸው? ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ሁሉንም በጥቅሉ ነሐስ እንላቸዋለን እንጂ ብረታቸው አንድ አይደለም። አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23 ዓመት ገደማ የገንዘቡን ሥርዓት ሲያስተካክል ሰስተርቲዩስና ዱፖንዲዩስ የተባሉት መዳብና ዚንክ ከተቀላቀለበት፣ ሲወለወል ወርቅ ከሚመስል ቢጫ ብረት እንዲሠሩ አደረገ፤ አስ የተባለው ግን ከቀይ መዳብ ይመታ ነበር። ሰስተርቲዩስ 25 ግራም አካባቢ የሚመዝን፣ መዳፍ የሚሞላ ሳንቲም ሲሆን ዋጋው 4 አስ ነበር፤ 4 ሰስተርቲዩስ ደግሞ አንድ የብር ዲናር ይሆናል። ዱፖንዲዩስና አስ በመጠን ስለሚቀራረቡና መልካቸው በአጠቃቀም ሲጠቁር ስለሚመሳሰል፣ ከኔሮን ዘመን ጀምሮ በዱፖንዲዩስ ላይ የንጉሡን ራስ የፀሐይ ጨረር ባለው አክሊል ማሣል ተለመደ። ዛሬም ሰብሳቢዎች ሁለቱን የሚለዩት በዚህ ነው። «ኤስ ሲ» በሴናቱ ውሳኔ የሚል የላቲን አሕጽሮት ነው፤ የነሐሱን ገንዘብ ከሴናቱ ክብር ጋር የሚያያይዝ ምልክት ነው።

በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛ እንደነበር ማወቅ ሳንቲሙን በእጅ የመያዝን ደስታ ይጨምራል። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር፣ ማለትም 900 ሰስተርቲዩስ ነበር። በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔይ በአንድ ግድግዳ ላይ የተጻፈ የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ በአንድ አስ መጠጣት እንደሚቻል፣ ሁለት ለሚከፍል የተሻለ እንደሚቀርብለት፣ አራት ለሚከፍል ደግሞ ፋሌርኖ የተባለው ዝነኛ ወይን እንደሚቀዳለት ያስታውቃል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሁለት ድንቢጦች የሚሸጡበትም ገንዘብ ግሪኮች አሳሪዮን የሚሉት ይኸው የአስ ወገን ነው።

ቢጫነቱ ከጊዜ በኋላ የደበዘዘበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አሮጌ ሳንቲም እየቀለጠ አዲስ በተመታ ቁጥር ዚንኩ በእሳቱ እየተነነ ስለሚያልቅ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጥፋቱ ወደ ብሩ ዞረ። በ215 በካራካላ የተጀመረው፣ አንቶኒንያኖስ የምንለው የብር ሳንቲም ሲጀመር ግማሽ ያህሉ ብር የነበረ ሲሆን በ260ዎቹ መጨረሻ ከ5 በመቶ የማይበልጥ ብር ያለበት፣ ላዩን ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ ቀረ። ትልቁ ሰስተርቲዩስ የብረቱ ዋጋ ከስሙ ዋጋ በልጦ ከገበያ ጠፋ። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገደማ ዛሬ ፎሊስ የምንለውን፣ 10 ግራም አካባቢ የሚመዝነውንና ስስ ብር የተቀባውን አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ መቀነስ ጀመረ።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ምክሬ ጠባብ ርዕስ መርጠው በዚያ ላይ እንዲቆዩ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ከእያንዳንዱ ንጉሥ አንድ አንድ ለማግኘት ሲሯሯጡ ፊት የሌላቸውን ጥፍጥፎች ያከማቻሉ። የታላቁ ቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ዘመን ለትንሽ ኪስ ይመቻል፤ በ330 ለቁስጥንጥንያ ምረቃ ከወጡት መካከል ተኩላዋ ሮሙሎስንና ሬሙስን ስታጠባ የሚያሳየው፣ ሁለት ወታደሮች በሁለት ዓርማዎች ግራና ቀኝ የቆሙበት፣ በ335 ገደማ ደግሞ ዓርማው አንድ ብቻ የሆነበት ሳንቲም ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ላይ ሆኖ በርካሽ ይገኛል። ከዚያው ዓይነት በልዩ ልዩ ከተሞች የተመቱትን ማሟላት ለዓመታት የሚበቃ ሥራ ነው። ሰስተርቲዩስ ከወደዱ ግን ታግሠው አንድ ደህና ይግዙ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ወደ ኤፌሶን ፍርስራሽ ለጉብኝት ሄደን ሳለን አንድ ሰው ቀርቦን መርከቦች የተሣሉበትን የኔሮን ትልቅ ሳንቲም በ40 ዶላር ሊሸጥልን ፈለገ። አልገዛንም፤ ዕድል አምልጦን ይሆን?

መልስ፦ አላመለጣችሁም። ኔሮን በ64 ገደማ ያስመታው፣ የኦስትያን ወደብ ከነመርከቦቹ የሚያሳየው ሰስተርቲዩስ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ሲሆን ደህናው በሺህዎች ዶላር የሚሸጥ ነው። ስለዚህ የቀረበላችሁ አስመስሎ የተሠራ ስለመሆኑ ብዙም አልጠራጠርም። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ቱርክ በ1983 ባወጣችው ሕግ ጥንታዊ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ስለምትከለክል በአውሮፕላን ማረፊያ የተያዘ ጎብኚ ለእስር ሊዳረግ ይችላል። ሐሰተኛው ገንዘብ ያሳጣል፣ እውነተኛው ነፃነት።

ሐሰተኛን ለመለየት የአሠራሩን ልዩነት ማሰብ ይረዳል። የጥንቱ ሳንቲም በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ተቀምጦ በመዶሻ የተመታ ስለሆነ ፊደላቱ ስለታም ናቸው፤ ጠርዙም አንዳንዴ ከምቱ ኃይል የተነሣ ይሰነጠቃል። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ቅጂ ግን ሳሙና የመሰለ ድፍን ገጽ፣ ከአየር አረፋ የቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ሁለት ሳንቲሞች ጭረታቸው ሳይቀር አንድ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉ። በብዙ ገንዘብ በሚሸጡ ሰስተርቲዩሶች ላይ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ፤ ሳንቲሙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የጠፋው ፀጉርና ፊደል በዘመኑ ሰው መሣሪያ እንደገና ይቀረጻል። ማስመሰሉ የጀመረውም ዛሬ አይደለም። በ1500 የተወለደው የፓዶቫው ጆቫኒ ዳ ካቪኖ የሠራቸው አስደናቂ ቅጂዎች ዛሬ በራሳቸው የሚሰበሰቡ የጥበብ ሥራዎች ሆነዋል።

ጥያቄ (ከአሽዶድ)፦ ከከተማ ውጭ ስንሸራሸር ልጄ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ከመሬት አነሣ። ለራሱ ማስቀመጥ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። በ1978ቱ የእስራኤል የቅርስ ሕግ መሠረት የተገኘው ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው፤ ያገኘውም ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ለልጅዎ ግን ጥሩ ትምህርት ይሆነዋል፤ ሳንቲም የተገኘበት ቦታ ሲታወቅ ሳንቲሙ ምስክር ይሆናልና። በቅፍርናሆም ምኩራብ ወለል ሥር የተገኙት በሺህ የሚቆጠሩ የኋለኛው ዘመን ጥቃቅን የነሐስ ሳንቲሞች ሊቃውንት ስለ ሕንጻው ዕድሜ የነበራቸውን አስተያየት እንደገና እንዲመረምሩ አስገድደዋል።

እንግሊዝ አገር ያላችሁም ይህን ልብ በሉ፤ ሕጉ የተለየ ቢሆንም ከአንድ ቦታ 10 ወይም ከዚያ በላይ ጥንታዊ የነሐስ ሳንቲሞች ከተገኙ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በ2010 በሶመርሴት፣ በፍሮም ከተማ አቅራቢያ ማሰሮ ያገኘው ሰው ቁፋሮውን አቁሞ አርኪዮሎጂስቶችን ጠራ፤ እነርሱም 52,503 ሳንቲሞችን በየንብርብሩ ለይተው አወጡ። በዚህ ጥንቃቄ ምክንያት በዘመን የመጨረሻዎቹ፣ ማለትም በብሪታንያ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ያሰኘው የካራውስዩስ ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከላይ ሳይሆኑ ከማሰሮው አጋማሽ በታች እንደነበሩ ታወቀ። ማሰሮው በየጊዜው የተጠራቀመ ቁጠባ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተሞላ እንደነበር የተረዱት በዚህ ነው። ሳንቲሞቹ በባልዲ ተዝቀው ወጥተው ቢሆን ይህ አይታወቅም ነበር።

ጥያቄ (ከአክሱም)፦ የሮም የነሐስ ገንዘብ በእኛ አገር ይሠራበት ነበር? አጎቴ ሲያርስ ያገኘው መካከሉ ላይ መስቀል ያለበት ትንሽ የነሐስ ሳንቲም አለንና የሮም ይሆን ብለን ነው።

መልስ፦ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ለመርከበኞች በጻፈው መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር እንዲሁም ቢጫ ነሐስ ይጠቅሳል። ነሐሱን የአገሩ ሰዎች ለጌጥ፣ ቆራርጠውም በገንዘብ ፈንታ ይጠቀሙበት ነበር ይላል። ይህም ከሰስተርቲዩስ ብረት ጋር አንድ ወገን ነው። እንግዲህ የሮም ነሐስ በአገራችን የተፈለገው በላዩ ላለው የንጉሥ መልክ ሳይሆን ለብረቱ ነበር ማለት ይቻላል። በ270 ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ የአክሱምን የራሷን ገንዘብ በወርቅና በብር ማስመታት ጀመረ፤ ወርቁ ለውጭ ንግድ ስለነበር በግሪክኛ ሲጻፍበት፣ በብሩና በኋላ በተጨመረው ነሐስ ላይ ግን ግዕዝ እየበዛ ሄደ። የአክሱም ትናንሽ የነሐስ ሳንቲሞች በአንጻሩ ኢየሩሳሌምን ጨምሮ በቅድስት አገር ተገኝተዋል።

የአጎትዎ ሳንቲም መካከሉ ላይ ብቻውን የቆመ መስቀል ያለው ከሆነ ከኢዛና ክርስትናን መቀበል በኋላ የተመታ የአክሱም ሳንቲም ሳይሆን አይቀርም። በመስቀሉ ዙሪያ የወርቅ ቅብ ፍንጣሪ ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይቀንሳል፤ ነሐስን እንዲህ በወርቅ ማስጌጥ የአክሱም መምቻ ቤት የታወቀበት ሥራ ነውና ምንም ዓይነት ፍተጋ አያድርጉበት። በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መገለጽ ስላለበት በአካባቢዎ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይዘውት ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ግን አጎትዎን አነጋግረው የተገኘበትን ማሳ፣ ጥልቀቱንና አብሮት የወጣ ሸክላ ወይም ድንጋይ ካለ እርሱን ጨምሮ በወረቀት ላይ ያስፍሩ።